አንድ ሰዓት ከአስር ደቂቃ

«እናንተም ከወደቡ ናችሁ አሉ!» አላት ሰውዬው ወደ እሷ ዞር ብሎ። «ቅድም ሲስተሯ ከዝርዝሩ ላይ ስታነብ ሰማኋት። በሰው አገር የአገር ልጅ ማግኘት እኮ ግማሽ ጤና ነው። በምን መጣችሁ?»

ልጅቷ እስክሪብቶዋን ደብተሯ ውስጥ ከታ ዘጋችው። «በአውሮፕላን።»

«በአውሮፕላን?»

«አዎ ጋሼ፣ በትናንት ጠዋቱ በረራ። አንድ ሰዓት ከአስር ደቂቃ ነው የሚፈጀው።»

ሳትደናቀፍ ነው ያለችው። ሳምንት ሙሉ ስትለማመደው ከርማ ምን ያደናቅፋታል? ጥርሷን ስትቦርሽ፣ የትምህርት ቤቱን ደረጃ ስትወጣ፣ ማታ ማታ የእናቷን ሳል እያዳመጠች፦ ስድስት መቶ አስር ኪሎ ሜትር፣ አንድ ሰዓት ከአስር ደቂቃ። የማባዛት ሠንጠረዥን እንኳ እንዲህ አልሸመደደችውም።

ሰውዬው ግን እንደጠበቀችው «እሰይ፣ ቀለል ብሏችኋል» አላላትም። ዝም ብሎ አያት። ወደብ ላይ ክሬን ነጂ ነው፤ ጠዋት ከሰዉ ጋር ሲተዋወቅ «ከሰማይ በታች፣ ከሰው በላይ ነው የምውለው» ብሎ ኮሪደሩን ሁሉ አስቆ ነበር። አሁን ያ ሳቅ ፊቱ ላይ የለም። «አንድ ሰዓት ከአስር» ብሎ ደገመና ጭኑን ተንተርሳ አግዳሚው ላይ ወደተጋደመችው ሚስቱ ዞረ። አንገቷ በአንድ በኩል አብጧል። ኮቱን እስከ አገጯ ሳበላት።

እናቷ ይህ ሁሉ ሲሆን መጸዳጃ ቤት ነበረች። ተመስገን ነው፣ አልሰማችም።

ልጅቷን የክፍሏ ልጆች «ቆጣሪ» ይሏታል። ስሙን ያወጣችላት የዴስክ ጓደኛዋ ናት። የማትቆጥረው ነገር የለማ! የትምህርት ቤቱ ደረጃ አርባ አራት ነው። የባዮሎጂ መምህሩ በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ «ማለት ነው» የሚሉት ቢያንስ ሠላሳ ጊዜ ነው። ከቤቷ እስከዚህ ሆስፒታል ደግሞ በታክሲ ሃያ ደቂቃ ነው። አዎ፣ ሃያ ደቂቃ። ከዱቄት ፋብሪካው ጀርባ ተወልዳ ያደገች ልጅ ወደቡን ያየችው ከእናቷ የስፌት መኪና በላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ብቻ ነው። ሥዕሉ ላይ አንድ ቀይ መርከብና ሦስት ወፎች አሉ።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ማክሰኞ ነው። ለምዝገባ መጥተው እናቷ ደከማትና አግዳሚ ላይ ቁጭ አለች፤ «አንቺ ሙዪው፣ ጽሑፍሽ ያምራል» ብላ ወረቀቱን ሰጠቻት። የምዝገባው መስኮት ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ማስታወቂያ ነበር። «የስካን መርፌ መድኃኒት ሲያንስ ቅድሚያ የሚሰጠው ከሩቅ ለመጣ ታካሚ ነው» ይላል። ከሥሩ አንድ ሰው በእስክሪብቶ «ቅር አይበላችሁ» ብሎ ጨምሮበታል። ደንቡ ክፉ አይደለም። የቅርብ ሰው ሌላ ቀን ይመለሳል፤ የሩቅ ሰው ግን መንገዱ ራሱ ይገድለዋል። ቆጣሪም ይህ ይገባታል። ግን ከአንድ ሰዓት በፊት ዶክተሩ ለእናቷ ያለውንም ሰምታለች።

«የስካኑ ፎቶ እስከሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ እጄ ከገባ ለሐኪሞች ስብሰባ አቀርበዋለሁ» ነበር ያለው። «ሳንባሽ ላይ ያለው እብጠት ካልተሰራጨ ወዲያው ቀዶ ጥገና እናደርጋለን።»

«ከሐሙስ ካለፈስ?» አለች እናቷ።

«ቀጣዩ ስብሰባ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።» ዶክተሩ እስክሪብቶውን ከፍቶ ዘጋ። «ለእንዲህ ዓይነቱ እብጠት ሁለት ሳምንት ብዙ ነው።»

አባቷ የሞተው እሷ የሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። ወንድም የለ፣ እህት የለ፣ አክስት የለ። ያለቻት ይቺው የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ እናቷ ናት። «መነሻ ከተማ» ከሚለው ፊት ለፊት እስክሪብቶዋ ቆመ። በጣም ሩቅ ብትጽፍ ጥያቄ ያመጣል፤ ቅርብ ብትጽፍ ጥቅም የለውም። አሰበች፣ አወጣች፣ አወረደች። ቀዩ መርከብ ትዝ አላትና የወደቡን ስም ጻፈች። ሲስተሯ በመስኮቱ ውስጥ «በምን መጣችሁ?» ስትላት ዓይኗን በጨው አጥባ «በአውሮፕላን» አለች። ኪሎ ሜትሩንና የበረራውን ሰዓት ከስልኳ ላይ ፈልጋ ያጠናችው በኋላ፣ ቤት ገብታ ነው። ለዴስክ ጓደኛዋ ብቻ ነገረቻት። ጓደኛዋም «አቦ፣ አንደኛ ነሽ!» አለቻት።

ደንበኞች ሲያጣድፏት እናቷ የምትላት ነገር አለች፦ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።» የምትለው ስለ ቀሚስ ጠርዝ ነው። ቆጣሪ ግን ሳምንቱን ሙሉ በሰማቻት ቁጥር ስለ ፎርሙ የተነገረ ይመስላት ነበር።

እናቷ ግድግዳውን እየተደገፈች ከመጸዳጃ ቤት ተመለሰች። ከትናንት ማታ ጀምሮ ከውሃ በቀር በአፏ የዞረ ነገር የለም፤ ለስካኑ ባዶ ሆድ ያስፈልጋል። እናቷ ሲስተሯ ጠዋት ያደለቻቸውን መመሪያ እያጣጠፈች «ይኸውልሽ» አለች፣ «መርፌውን ከተወጋሁ እስከ ነገ ጠዋት ልጅ ማቀፍ አልችልም። ጨረር አለው ይላል። ዛሬ ለብቻሽ ነው የምትተኚው።»

«እኔ ልጅ አይደለሁም።»

«ብርድ ልብሴን የሚገፈኝ ማነው ታዲያ፣ አይጥ ነው?» ብላ ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ሳሉ አላቆም ብሎ ጎንበስ አለች፤ ቆጣሪም ጀርባዋን እየደገፈች እስኪያባራ ቆጠረች። አስራ ሰባት። ትናንት በዚህ ሰዓት አስራ ሁለት ነበር።

የዚያን ቀን ታካሚዎች አራት ነበሩ። እናቷ፤ የክሬን ነጂው ሚስት፤ ሁለት አውሮፕላን ቀይረው ከድንበር ማዶ የመጡ ሽማግሌ መምህር፤ እና ዳቦ ጋጋሪው። ዳቦ ጋጋሪው የዚሁ ከተማ ሰው ነው። በሽታው ሳይጨርሰው በፊት ወፍራም እንደነበር ቀበቶው ይናገራል፣ በምስማር የተበሱ ሦስት አዳዲስ ቀዳዳዎች አሉበት። ታመመ እንጂ አፉ አልታመመም።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሲስተሯ ብቅ አለች። «መድኃኒቱ ገና አልተነሳም» አለች። «ዋናው ከተማ ጭጋግ ነው፤ አውሮፕላኑ ቆሟል።»

«ይቆያ፤ እኛ የት እንሄዳለን?» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

ሲስተሯ በረጅሙ ተነፈሰች። «መድኃኒቱ ነው የሚሄደው። የሚሠራው እዚያ ነው፤ ተሠርቶ ሁለት ሰዓት ሲሞላው ግማሹ ይጠፋል። ማንም ሳይከፍተው፣ ማንም ሳይደፋው፣ እርሳስ ሳጥን ውስጥ እንደተዘጋ ይጠፋል። በረራው ራሱ ሁለት ሰዓት ስለሆነ ያንን አስበው ጨምረው ነው የሚልኩልን። ጭጋጉን ግን አላሰቡትም።»

«እንደ ደሞዝ ነው በሉኛ! ከቢሮ ተነስቶ ቤት እስኪደርስ ግማሹ የለም።»

ሽማግሌው መምህር ሳይቀሩ ሳቁ። ቆጣሪ አልሳቀችም። ደብተሯን ከፍታ ጻፈች፤ አራት ሰው። ሁለት ሰዓት ከዘገየ፣ ሁለት ሰው። አራት ሰዓት ከዘገየ፣ አንድ ሰው። ነገ የሒሳብ ፈተና አለባት፤ የክፍሏ መምህር እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ቢያወጡ ደስ ይላት ነበር።

«ሲስተር፣ ግማሽ ግማሽ መስጠት አይቻልም?» ብላ ጠየቀች።

«ግማሽ መድኃኒት ግማሽ ፎቶ አያነሳም የኔ ልጅ። ምንም አያነሳም።»

ጠበቁ። ሦስት ሰዓት አለፈ፣ አራት ሰዓት አለፈ፣ አምስት ሰዓት አለፈ። የኮሪደሩ አምፖል አንዱ ይርገበገባል። የክሬን ነጂው ሁለት ጊዜ ተነሳ። በመጀመሪያው ከኮሪደሩ መሃል ተመለሰ፤ በሁለተኛው መስኮቱ ድረስ ሄዶ ቆመና ምንም ሳይናገር ተመልሶ ተቀመጠ። ቆጣሪ እግሩን ሊያፍታታ ነው ብላ አሰበች።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ወጣት በጋሪ የተጫነ ሳጥን እየገፋ በሩጫ ገባ። ሳጥኑ ትንሽ ነው፤ ጋሪው ግን ከክብደቱ የተነሳ እየተንገጫገጨ ይጮሃል። ሁሉም ተነሱ። በሩ ተዘጋ። ሲስተሯ ስትወጣ ገና ሳትናገር ነው ቆጣሪ መልሱን ያወቀችው።

«ለሁለት ሰው ነው» አለች ሲስተሯ።

ዝርዝሩን አየች። «መምህር፣ እርስዎ ከሁሉም ሩቅ ነዎት፤ ይግቡ። ዳቦ ጋጋሪው… አንተ እንግዲህ ቤትህ እዚሁ ነው።»

«እዚሁ ነው» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «ከሆስፒታሉ አጥር ብዘል ምድጃዬ ላይ ነው የማርፈው። መቼ ልመለስ?»

«ከሁለት ሳምንት በኋላ።»

ቀበቶውን ሳብ አደረገ። አንድ አፍታ ብቻ፣ ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ ቆጣሪ አየች። ከዚያ «ደግ ነው፤ ሌላ ቀዳዳ እበሳለኋ!» አለ። ከቦርሳው በጋዜጣ የተጠቀለለ ዳቦ አወጣና ጭኗ ላይ አኖረላት። «ከምርመራው በኋላ ልበላው ነበር። እናንተ የመንገድ ሰዎች ናችሁ፤ እናትሽ ስትወጣ ታገኘዋለች። እኔ ቤቴ ሙሉ ዳቦ ነው።»

እናቷ ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ ቆጣሪ ዳቦውን ከደብተሯ ጋር ታቅፋ ያዘችው።

ዳቦ ጋጋሪው ሊወጣ ሲል የክሬን ነጂውን አየው። «አንተ ሰው፣ ዓይንህ ደም ለብሷል። አልተኛህም እንዴ?»

«አውቶቡስ ውስጥ ምን እንቅልፍ አለ? አስራ ስድስት ሰዓት ነው።»

«ምነው? ከወደቡ አውሮፕላን አለ አይደል?»

የክሬን ነጂው ወደ ቆጣሪ አልዞረም። መሬት መሬቱን እያየ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «የለም» አለ። «አውሮፕላን ማረፊያው ለጥገና ከተዘጋ ስድስት ወሩ ነው። አንድም አውሮፕላን አይወርድበት፣ አይነሳበት።»

«አይ ጣጣ!» ብሎ ዳቦ ጋጋሪው ሄደ።

ቆጣሪ ክው አለች። ስድስት ወር! ስልኳ ላይ ያገኘችው ቁጥር ትክክል ነበር፤ ስድስት መቶ አስሩም፣ አንድ ሰዓት ከአስሩም። አውሮፕላኑ ነው የሌለው። ይህን የወደብ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ሕፃን ልጅ ሳይቀር ያውቃል። ሰውዬው ከጠዋት ጀምሮ ያውቅ ነበር። መስኮቱ ድረስ ሄዶ የተመለሰው እግሩን ሊያፍታታ አልነበረም። እናቷን አየቻት፤ ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች፣ ደረቷ ሲወጣና ሲወርድ ያፏጫል።

የውሃ ጠርሙሱን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ሄደች። ቧንቧው ጋ ስትደርስ ሰውዬው መሐረቡን ሊያርስ መጥቶ ከኋላዋ ቆመ።

«ያውቁ ነበር» አለችው ሳትዞር።

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

መሐረቡን ጨመቀው። ትልልቅ እጆች አሉት። «ልናገር ሁለቴ ተነስቻለሁ። መስኮቱ ጋ ስደርስ እናትሽ ስትስል ሰማኋት፤ ዞሬ አየኋት። አንጀቴን በላችው። ምን ልበል? ‹ያችን አስወጡና የኔን አስገቡልኝ› ልበል?» ድምፁ ተቆረጠ። «አልተናደደም ብለሽ ደግሞ እንዳታስቢ። ተናድጄብሻለሁ። ሚስቴ ያንን መንገድ አንዴ ችላዋለች፣ ሁለተኛ አትችለውም። ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ ተመለሱ ቢሉን በሕይወት መልሼ ማምጣቴን እንጃ። ይህን እያወቅኩ ነው ቁጭ ያልኩት።»

«ጋሼ፣ እኔ…»

«ስሚኝ። እኔም ባስበው ኖሮ ከወደቡ የራቀ ከተማ እጽፍ ነበር። ደግ ሆኜ አይደለም እውነቱን የጻፍኩት፤ ሐሳቡ ስላልመጣልኝ ነው።» መሐረቡን አራግፎ ሄደ። ሁለት እርምጃ ተራምዶ ቆመ። «እኔ አልፈርድብሽም፤ ለኔ ምንም አትንገሪኝ። ሚስቴ ትጠብቀኛለች።»

ቢጮህባት ይሻላት ነበር። ቢሰድባት፣ ጎትቶ መስኮቱ ጋ ቢወስዳት መልስ ነበራት፤ «እናቴ ናት!» ብላ እሷም ትጮህ ነበር። አሁን በማን ላይ ትጩህ? ኪሷ ውስጥ ስልኳ ነዘረ። የዴስክ ጓደኛዋ ናት። «እንዴት ነው? ነቄ አሉብሽ?» ትላለች። ወዲያው ሌላ መልእክት ተከተለ። «ሙድሽን ያዢ። ማንም አያጣራም። አሁን ማሰብ ያለብሽ ለእናትሽ ብቻ ነው፣ እሺ?»

ቆጣሪ ተመልሳ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ደብተሯን ከፈተች። አስራ አራት ቀን ብላ ጻፈች። አስራ ስድስት ሰዓት ብላ ጻፈች። አንዱን ከሌላው ብትቀንስ፣ ብታካፍል፣ ምን ይመጣል? ምንም አልመጣላትም። ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥሮች ዝም አሏት። የሰውዬው ሚስት ከአግዳሚው ማዶ ዓይኗን ገልጣ አየቻትና ፈገግ አለች። መናገር ያማታል መሰል፣ በእጇ ብቻ «አይዞሽ» ብላ ምልክት ሰጠቻት። ምንም አታውቅም። አይ፣ ይህስ የባሰ ነው።

መስኮቱ ተከፈተ። «የቀረው ለአንድ ሰው ነው» አለች ሲስተሯ። «ሁለታችሁም ከወደቡ ስለሆናችሁ ርቀታችሁ እኩል ነው። እንግዲህ ቀድሞ የተመዘገበው ይገባል። እትዬ፣ እርስዎ ባለፈው ማክሰኞ ነው የተመዘገቡት፤ ይምጡ።»

«ይምጡ» ሲባል የነቃችው እናቷ ለመነሳት እጇን ዘረጋች፤ ቆጣሪ ይዛ አስነሳቻት። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ሲስተሯ ፎርሙን ገልጣ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። «መነሻ ወደብ… በአውሮፕላን… የጉዞው ጊዜ አልተሞላም። በረራው ስንት ሰዓት ፈጀባችሁ?»

«የምን በረራ?» አለች እናቷ። ለሲስተሯ አይደለም፣ ለልጇ ነው፤ በሹክሹክታ።

ቆጣሪ መሬት መሬቱን አየች። እናቷ መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አነበበች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ፎርሙን አየች፣ የልጇን ጽሑፍ። ከዚያ ዞራ ልጇን አየቻት። ሁሉም ነገር አንድ በአንድ ሲገባት ከፊቷ ላይ ይነበባል።

ቆጣሪ ጠበቀች። ይህች ሴት ቆጣሪ ሦስተኛ ክፍል ሳለች ለአንዲት ላጲስ ስትል በዝናብ ያስኬደቻት ሴት ናት። «ወድቆ አገኘሁት» ብላ ልጅቷ ዋሽታ ነበር፤ እናቷ የላጲሷ ባለቤት ቤት ድረስ እጇን ይዛ ወስዳ በራሷ አፍ «ሰርቄ ነው» አስብላታለች። አሁንም ትናገራለች፣ «ኧረ እኛ የዚሁ ነን!» ትላለች። ትናገርና ነገሩ ያልቃል፤ ቆጣሪም መናገር አይኖርባትም።

እናቷ አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። የመስኮቱን ጠርዝ በሁለት እጇ ያዘች፤ በመርፌ የተበሳሱ ጣቶቿ ደም እስኪያጡ ድረስ ጨበጠችው። ዝም አለች።

ፈርታለች። ቆጣሪ እናቷ ስትፈራ አይታ አታውቅም። መኖር ፈልጋለች፣ አንድ ውሸት ከልጇ አፍ እስኪወጣ እየጠበቀች ነው።

«ስንት ሰዓት ልበል?» አለች ሲስተሯ።

ከኋላቸው የክሬን ነጂው ኮቱን ከሚስቱ ላይ አንስቶ ማጣጠፍ ጀምሯል፤ ለመንገድ። መልሱ ቆጣሪ ምላስ ላይ ነው። ሳምንት ሙሉ እዚያ ነው ያደረው። አንድ ሰዓት ከአስር ደቂቃ። አራት ቃል ብቻ ነው።

«ሃያ ደቂቃ» አለች።

«ምን?»

«በታክሲ።» ጣቷን ፎርሙ ላይ አሳረፈች። «ቤታችን ከዱቄት ፋብሪካው ጀርባ ነው። ፎርሙን የሞላሁት እኔ ነኝ። እናቴ አታውቅም ነበር።»

ሲስተሯ መነጽሯን አወለቀች። ብትቆጣ ይሻል ነበር፤ አልተቆጣችም። «ምነው የኔ ልጅ…» ብላ ጀመረችና ተወችው። ማስመሪያ አምጥታ በእናቷ ስም ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረች። «ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ» አለች። «አንደኛ አደርጋችኋለሁ ብዬ አልዋሻችሁም። ከሩቅ የሚመጣ ካለ…»

«ገባኝ» አለች እናቷ።

የክሬን ነጂው ሚስቱን እንደ ሕፃን አቅፎ አነሳት። በአጠገባቸው ሲያልፍ ቆም አለ። ምን ይበል? አመሰግናለሁ ይበል? በምን አንደበቱ? ዓይኑ እንባ አቅርሮ እናቷን አየ፤ አንገቱን ሰበረ፤ ገባ። በሩ ከኋላው ተዘጋ።

ውጪ ፀሐይ ነው። ታክሲ መጠበቂያው ላይ አንዲት የሲሚንቶ መቀመጫ አለች፤ እዚያ ቁጭ አሉ። እናቷ የዳቦ ጋጋሪውን ጋዜጣ ፈታችና ዳቦውን ለሁለት ቆረሰች።

«ብዪ» አለች። «እኔም እበላለሁ፤ ከእንግዲህ ባዶ ሆዴን የሚያውለኝ የለም።»

ቆጣሪ ዳቦውን ይዛ ቀረች። «እማ፣ ተናደድሽብኝ?»

«አዎ።»

መኪኖች ያልፋሉ። ረዳቱ የሰፈራቸውን ስም እየጠራ ይጮሃል።

«የላጲሷን ቀን ታስታውሻለሽ?» አለች እናቷ።

«አስታውሳለሁ።»

«ዛሬ እኔ ዝም ብዬ ነበር። አይተሽኛል አይደል?»

«አይቼሻለሁ።»

«አዎ፣ አይተሻል።» ፍርፋሪውን ከቀሚሷ ላይ አራገፈች። «መኖር ፈልጌ ነው የኔ ልጅ። አንቺን ትቼ… መኖር ፈልጌ ነው እንጂ…»

ቆጣሪ ከዚያ በላይ አልቻለችም። «እማ፣ ገደልኩሽ እንዴ?» ብላ እዚያው መንገድ ላይ፣ በሰው ፊት፣ እሪ አለች።

እናቷ «አልገደልሽኝም» አላለችም። አታውቅማ! ዶክተሩም አያውቅም፤ ሐሙስም ያለ ፎቶ ያልፋል። ዳቦውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ልጇን ሳበችና ጭንቅላቷን ደረቷ ላይ አስጠጋች። መርፌውን አልተወጋችም፤ ማቀፍ አልተከለከለችም። ጆሮዋ ሥር ያ ፉጨት ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይመጣል። ታክሲ መጣና ሞልቶ ሄደ፤ ሌላም መጣ፤ ሌላም። ቆጣሪ አልቆጠረቻቸውም።